ዲስትሮፊን ጉልበት አይደለም፣ ማሰሪያ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። አንዴ ከሥራ ባልደረባዬ፣ አንዴ ከሰፈር ጓደኛዬ፣ አንዴ ደግሞ ከራሷ ከእህቴ። እህቴ ከሥሩ «እውነት ነው?» ብላ ጽፋበታለች። ይቺ ጥያቄ ናት እንድጽፍ ያስቀመጠችኝ።

ጽሑፉ ስለ ዱሼን ነው። ወንዶች ልጆችን የሚይዝ፣ ጡንቻን ከዓመት ዓመት የሚያደክም በሽታ። ጸሐፊው የባሕር ዳር ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። የቤዛዊትን ዳገትና የጣናን ዓሣ ሳይቀር ለሕክምና አዝዘዋል። ያሉት በአጭሩ ይህን ነው። በሽታው የሚመጣው ዲስትሮፊን የሚባለው «የጡንቻ ጉልበት» ሲጎድል ነው። ፕሮቲን ስለሆነ የጎደለው ልጁ ፕሮቲን ይብላ። ጡንቻው ስለደከመ ስፖርት ይሥራ። ጥፋቱ ከእናት ወገን ነው፣ ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ መጋባትም ያመጣዋል። ሐኪም የሚያዘው ክኒን ጉዳቱ ስለሚበዛ ይቁም። ውጭ አገር አንድ መርፌ ተገኝቷል፣ ብር አዋጥቶ እሱን መጠበቅ ነው። አለዚያ እነዚህ ልጆች ሃያ ዓመት አይሞላቸውም።

የእህቴ ልጅ ዱሼን አለበት። አሁን 11 ዓመቱ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ከዘረመሉ ተነሥቼ እመልሳለሁ። የመድኃኒቱን መጠን ለልጁ ሐኪም እተዋለሁ።

መጀመሪያ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ላንሳ። በሽታው እርግማን አይደለም ማለታቸው ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ቤት ሐኪሙ «የጂን ችግር ነው» ሲል እናቴ አማተበች። ጂኒ መስሏት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም «ዘረመል» ማለትን መርጫለሁ። ልጆቹ በሽታቸው ሳይታወቅ ለዓመታት ይንከራተታሉ ያሉትም እውነት ነው። የእኛው ልጅ ምስክር ነው።

አራት ዓመት ተኩል ሲሆነው በእግሩ ጣቶች መራመድ ጀመረ። ይወድቃል። ደረጃ ላይ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ባቱ ግን የትልቅ ሰው ባት ያህል ነበር። ዘመድ ሁሉ «ይሄማ ኳስ ተጫዋች ነው» እያለ ይዳብሰው ነበር። አንድ የጤና ተቋም ወሰድነው። ደሙ ሲመረመር የጉበት ምርመራ የሚባሉት ሁለቱ ቁጥሮች ከፍ ብለው ተገኙ። «ጉበቱ ነው» ተባልን። አንድ ዓመት ሙሉ የጉበት በሽተኛ ተብሎ ተመላለሰ። ጎረቤታችን «የወፍ ነው» ብላ ቅጠል ጨምቃ ልታጠጣው ስትል ለጥቂት ነው ያስጣልናት። ለካ እነዚያ ሁለት ኢንዛይሞች፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ፣ ጡንቻ ውስጥም አሉ። ጡንቻ ሲጎዳ እነሱም ወደ ደም ይፈስሳሉ።

ይህን የነገረን ሌላ ቦታ ያገኘነው ወጣት ሐኪም ነው። ምንም መሣሪያ አላወጣም። «ማሙሽ፣ እስቲ መሬት ላይ ቁጭ በልና ተነሥ» አለው። ልጁ በሆዱ ተገለበጠ። በእጁና በጉልበቱ ሆነ። ቂጡን ወደ ላይ አነሣ። ከዚያ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሌላውን ጭኑ ላይ እያደረገ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው በራሱ ገላ ላይ ወጥቶ ቆመ። እኛ ይህን በየቀኑ እናይ ነበር። «ሰነፍ» እንለው ነበር። ሐኪሙ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይም የሚለካ የደም ምርመራ አዘዘ። ጤነኛ ልጅ ላይ 200 ገደማ የሚሆነው ቁጥር እሱ ላይ ከ14,000 በላይ ወጣ። ይህን ምርመራ የሚያዘው የጠረጠረ ሰው ብቻ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። በኋላ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ዘረመሉ ላይ ያለው ስህተት ታወቀ።

ዘረመሉ ዲኤምዲ ይባላል። የሚገኘው ኤክስ ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ነው። ከሰው ዘረመሎች ሁሉ በጣም ረጅም ከሚባሉት አንዱ ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደል አለው። ሕዋስ ከዳር እስከ ዳር ገልብጦ ለመጨረስ 16 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የጀመረ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚያልቅለት። ከዚያ ሁሉ ፊደል ውስጥ ፕሮቲኑን ለመሥራት የሚያገለግለው 11 ሺህ ብቻ ነው፣ እሱም 79 ቦታ ተቆራርጦ ተበትኗል። የሚወጣው ፕሮቲን ዲስትሮፊን ነው፤ 3,685 አሚኖ አሲዶች ተሰካክተውበታል። ቦስተን ውስጥ የሉዊስ ኩንከል ቡድን ዘረመሉን በ1986፣ ፕሮቲኑን በ1987 እ.ኤ.አ. አገኘ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በሽታውን የገለጸው ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሰው የሚያየው ልጁ ሲወድቅ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ቃሏ። «የጡንቻ ጉልበት» ብለዋል ጸሐፊው። የጽሑፉ ስህተት ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህች ቃል ነው።

ጡንቻን የሚያኮማትሩት አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። እነሱ ዱሼን ያለበት ልጅም አሉት። ዲስትሮፊን ሥራው ሌላ ነው። ጣና ዳር ታንኳ ሲሠራ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል። በእቅፍ በእቅፍ ይደረደራል። ከዚያ ሠሪው በገመድ ጠብቆ ጠብቆ ያስረዋል። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ነው፤ የሚገፋው ቀዛፊው ነው። ገመዱ አያንሳፍፍም፣ አይገፋም። ግን ገመዱን ፍቱትና ወደ ደቅ ደሴት ለመሄድ ሞክሩ።

ዲስትሮፊን ያ ገመድ ነው። አንዱ ጫፉ በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ ያለውን የአክቲን አጽም ይይዛል። ሌላው ጫፉ በሽፋኑ ላይ ባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች በኩል ከውጭ ካለው መረብ ጋር ይያያዛል። መካከሉ 24 ጊዜ የሚደጋገም ቁራጭ ነው፣ እንደ ሞላ የሚለጠጥ። ጡንቻው ሲኮማተርና ሲለጠጥ ሽፋኑ እንዳይቀደድ ያደርጋል። እሱ ከሌለ ሽፋኑ በየእርምጃው በጥቂቱ ይተረተራል። ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲኬ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ እኛ በደም ያየነው 14,000 ያ ነው። ሰውነት ይጠግናል። እንደገና ይቀደዳል። መጠገኛው ሲያልቅ ቦታውን ስብና ጠባሳ ይይዘዋል። ያ ዘመድ ሁሉ ያደነቀው ባት በከፊል ስብና ጠባሳ ነበር።

ይህን ከያዝን የፕሮቲኑ ምክር በራሱ ይወድቃል። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ጥሩ ምግብ ነው፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አልጠላም። ዓሣውም የራሱ ዲስትሮፊን አለው። ግን ሆዳችን ስለማንነቱ አይጠይቀውም፣ ወደ አሚኖ አሲድ ይፈታዋል። አሚኖ አሲድ ደግሞ ለልጁ አልጎደለውም። የጎደለው አሠራሩ የተጻፈበት ገጽ ነው። ሠሪው ማሰር ካልቻለ ደንገል በአይሱዙ ብታራግፉለት ታንኳ አይሆንም። ደግሞ ዲስትሮፊን ከጡንቻ ፕሮቲን ውስጥ ከመቶ ሺህ ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ በቆርቆሮ የፕሮቲን ዱቄት ተገዝቶ የሚሞላ ክምችት አይደለም። እህቴ ጽሑፉን ባነበበች ማግስት ያንን ዱቄት ልትገዛ ሱቅ ቆማ ነው የደወለችልኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ቁጭ አልኩ።

ስፖርቱ ግን ከዚህ የባሰ ነው፣ ይጎዳልና። ጸሐፊው «በየማለዳው ቤዛዊትን ይውጣና ይውረድ፣ ጡንቻው ይጠነክራል» ብለዋል። ጤነኛ ጡንቻ ሲሠራ ትንሽ ይጎዳል፣ ሲጠገን ይጠነክራል፤ ያ እውነት ነው። ማሰሪያ የሌለው ጡንቻ ላይ ግን ይኸው ሥራ ጉዳት ብቻ ይሆናል። በተለይ ቁልቁለቱ። ቁልቁል ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተኮማተረ ሳለ ይለጠጣል፣ ሽፋኑን በጣም የሚጎትተው ይህ ነው። ከቤዛዊት አናት ጣናንና ዓባይን በአንድ ዓይን ማየት ደስ ይላል፣ ልጁን ግን በባጃጅ አውጡት፣ በባጃጅ አውርዱት። ክብደት ማንሣት፣ ዝላይ፣ ትራምፖሊን የሚባለውም ይቅር። ወጌሻ ቤት ወስዶ ማሳሸትና ማስጎተትም እንዲሁ፤ የወለቀ ነገር የለም።

ታዲያ ይቀመጥ? በጭራሽ። ቀስ ያለ እንቅስቃሴ፣ ሳይደክመው በፊት የሚቆም፣ ይጠቅመዋል። ዋና ከሁሉ ይሻላል፣ ውኃው ክብደቱን ይሸከምለታልና። ጣና ዳር ግን አይሁን፤ ቢልሃርዚያ አለ። እኛ ቤት ዋናው ሥራ ማታ ማታ ነው። እህቴ ተረከዙን በመዳፏ ይዛ የእግሩን ጣቶች በክንዷ ወደ ላይ ትገፋለች። ሠላሳ ትቆጥራለች። ትለቃለች። እንደገና። የቁርጭምጭሚቱ ጅማት እንዳያጥር ነው። ይኸው አምስት ዓመቷ። መብራት ሲጠፋም በሻማ ትሠራዋለች። ልጁ ሠላሳ ሳትደርስ «ሠላሳ!» እያለ ያጭበረብራታል።

የእናት ወገን የሚለው ነጥብ ላይ ረጋ ማለት አለብኝ፣ ስለሚያናድደኝ። ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው የበለጠ የሚጎዳው። ዘረመሉ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው ብያለሁ። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ እሱንም ከእናቱ ይወስዳል። ከአባቱ የሚያገኘው ዋይ ነው። ስለዚህ የተበላሸው ቅጂ የመጣው ከእናቱ በወሰደው ኤክስ ነው። እስከዚህ ልክ። ነገር ግን ከልጆቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ ስህተቱ አዲስ ነው። እናትየው ተመርምራ አይገኝባትም። ይህን ያህል ረጅም ጽሑፍ በየትውልዱ ሲገለበጥ አንድ ቦታ ላይ ስህተት መግባቱ አይቀርም። የቀሩት እናቶች ተሸካሚ ናቸው፤ እነሱም ከወላጆቻቸው ተቀብለውት ወይም ሲፀነሱ ገብቶባቸው እንጂ በአድራጎታቸው ያመጡት ነገር የለም። ጥፋት የሚለው ቃል እዚህ ምን ይሠራል?

ሰባት ቤት ቆጠራውማ ጭራሽ አይገናኝም። ዘመድ ሲጋባ የሚበዛው ሌላ ዓይነት በሽታ ነው፤ ከአባትም ከእናትም ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች ሲገጣጠሙ የሚመጣው። ለዱሼን አንድ ቅጂ ይበቃል። አባትየው ከየትም አገር ቢመጣ ለውጥ የለውም። እህቴን አንዲት የባሏ ዘመድ በለቅሶ ቤት፣ ሰው መሐል፣ «የእናንተ ደም ነው ያመጣው» ብላታለች። ጸሐፊው ያንን አፍ በጽሑፍ አጸኑት።

ሴቶችን በተመለከተ መጻፍ የነበረበት ሌላ ነው። ተሸካሚ እናት ለእያንዳንዱ ወንድ ልጇ በሽታውን፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጇ ተሸካሚነቱን የማስተላለፍ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ተሸካሚዎቹም ራሳቸው ሁሌ አያመልጡም፤ አንዳንዶቹ ላይ የልብ ጡንቻ ይደክማል። ስለዚህ የልጁ እናት፣ እህቶቹና አክስቶቹ ቢመረመሩ ይጠቅማቸዋል። እህቴ ተሸካሚ ናት። እኔም ተመርምሬአለሁ፤ ውጤቱን ለራሴ ልያዘው።

አሁን ክኒኑ። ይህን ነጥብ ያላነበበ ቤተሰብ ዕድለኛ ነው። ክኒኑ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው፣ ፊት ያሳብጣል፣ ያወፍራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ቁመት ያዘገያል። ጸሐፊው ይህን ሲሉ አልዋሹም። የእኛው ልጅ ጉንጩ ክብ ሆኗል፣ ትምህርት ቤት ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ግን ይኸው ርካሽ ክኒን ልጆቹ በእግራቸው የሚሄዱበትን ጊዜ በዓመታት ያራዝማል። የጀርባ መጣመምን ይቀንሳል፣ ትንፋሽንም ያቆያል። የተቀደደውን አይሰፋም፤ በመቀደዱ የሚነሣውን ቁጣ ያበርዳል። ለጉዳቱ ደግሞ ዘዴ አለው፦ ጨው መቀነስ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ ክብደት መቆጣጠር፣ ክትባትን አስቀድሞ መጨረስ።

«ዛሬውኑ አቁሙት» የሚለው ነው አደገኛው። ለረጅም ጊዜ ክኒኑን የወሰደ ልጅ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት እጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን መሥራት ትተዋል። በድንገት ሲቆም ደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ሊያስመልሰው፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። መቀነስ ቢያስፈልግ እንኳ ሐኪም እያየው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ያንን የቴሌግራም ምክር ያነበበ ወላጅ ክኒኑን አቁሞ ከሆነ ነገ ሳይል ሐኪሙን ያነጋግር።

መርፌው አለ፣ እውነት ነው። ስሙ ኤሌቪዲስ ነው፣ አሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው፣ ያኔ ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ግን ምን እንደሆነ እንይ። ዘረመሉን ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው አንድ ትንሽ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ መሸከም የሚችለው አምስት ሺህ ፊደል እንኳ አይሞላም። የዲስትሮፊን ጽሑፍ 11 ሺህ ነው አልን። ስለዚህ አሳጥረው፣ የመካከሉን አብዛኛውን አውጥተው፣ በሁለቱም ወገን የሚይዙትን ቦታዎች ጠብቀው ነው የላኩት። አጭር ገመድ ማለት ነው። በትልቁ ሙከራ ዋናው የመንቀሳቀስ ነጥብ ላይ የታሰበውን ያህል ልዩነት አላሳየም፤ በአንዳንድ ሌሎች መለኪያዎች ግን አሻሽሏል። በ2025 ደግሞ መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች መርፌውን ከወሰዱ በኋላ በጉበት መክሸፍ ሞቱ። ለእንደነሱ ላሉ ልጆች መስጠቱ ቆመ። ተስፋ የለውም አላልኩም፤ «ተፈወሰ» የሚለው ቃል ግን ገና ነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ ተማሪዎቼ የሚወዱት። ሕዋስ ጽሑፉን የሚያነብበው ሦስት ሦስት ፊደል እየያዘ ነው። «አበበ ጠዋት ወተት ሸመተ» የሚለውን ውሰዱ። «ጠዋት» ሙሉ ቢወጣ «አበበ ወተት ሸመተ» ይቀራል፤ ጎደሎ ነው፣ ግን ይነበባል። «ጠ» ብቻዋን ብትወጣስ? «አበበ ዋትወ ተትሸ መተ።» በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ቆሻሻ ነው። ዱሼን ሁለተኛው ነው። መጀመሪያው ዓይነት ስህተት ያለበት ሰው ቤከር የሚባለው ቀለል ያለ በሽታ ይይዘዋል፣ ገመዱ አጭር ቢሆንም አለና። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሕዋሱ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ እንዲዘልል የሚያደርጉ መድኃኒቶች ሠሩ፤ ቀሪው መልሶ እንዲነበብ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው የመጀመሪያው ከ79ኙ ቁራጮች 51ኛውን ያዘልላል፣ የሚሆነውም ከመቶ 13 ለሚሆኑ ልጆች ብቻ ነው። የምርመራ ወረቀቱ ላይ የትኛው ቁራጭ እንደጎደለ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ወረቀቱን አትጣሉ።

መርፌ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሚለው ግን አይገባኝም። ጽሑፉ ስለ ልብ አንድ መስመር የለውም። ዲስትሮፊን የልብ ጡንቻም ማሰሪያ ነው። ልጁ ደህና መስሎ ሳለ ልቡ ሊደክም ይችላል፣ ስለዚህ በየዓመቱ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። ለዚያ የሚታዘዘው ኢናላፕሪል የሚባለው የደም ግፊት ክኒን የማንም አያት ኪስ ውስጥ አለ። ማደንዘዣም አልተነሣም። ልጁ ለማንኛውም ቀዶ ጥገና ሲገባ ዱሼን እንዳለበት ለማደንዘዣ ባለሙያው መነገር አለበት፤ ሳክሲኒልኮሊን የሚባለው መድኃኒት ልቡን ሊያቆመው ይችላል። እኛ በወረቀት ጽፈን የጤና ካርዱ ላይ በስቴፕለር መትተነዋል።

የመጨረሻው መስመር ቀረ። ሃያ ዓመት አይሞላቸውም የሚለው።

ልጁ ጽሑፉን አንብቦታል። ስልኩ የእናቱ ነው፣ ፓስወርዱን ግን እሱ ነው ያወጣላት። እሑድ ስሄድ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «አክስቴ፣ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነው አይደል?» አለኝ። ከየት እንዳመጣው ወዲያው አልገባኝም። ሒሳብ ይወዳል።

ያ ቁጥር ከዓመታት በፊት እውነት ነበር። ያኔ ልብም አይታይ፣ ትንፋሽም አይታገዝ ነበር። ዛሬ ክኒኑን በሥርዓት የሚወስዱ፣ ልባቸው የሚታይ፣ ሲያስፈልግ ሌሊት በመሣሪያ የሚተነፍሱ ብዙዎች ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብተዋል። ሁሉም አይደሉም። እዚህ አገር መተንፈሻ መሣሪያ እንደልብ እንደማይገኝም አውቃለሁ። ለልጁም ይህንኑ ነው የነገርኩት፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር። «እሺ» አለና የአርሴናልን ውጤት ጠየቀኝ።

ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ብለው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ስለ ክኒኑና ስለ ሃያ ዓመቱ የጻፉትን ዛሬውኑ ያንሱልን። ስለ ዓሣው ቀስ ብለን እንከራከራለን፣ ቡናው በእኔ ነው።